ጣቷ ያልተነሳበት ቀረጻ

ኔታ ሃልቨርሰን በሃምሳ ዓመት የሥራ ዘመኗ አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ጊዜ በቴሌቪዥን፣ አሥራ አንድ ጊዜ በፊልም ታይታለች። ከነዚህ ውስጥ የራሳቸው ስም የነበራቸው ገጸ ባሕርያት ሠላሳ አራት ናቸው። የቀሩት «ሁለተኛዋ ነርስ»፣ «የሞቴሉ ባለቤት»፣ «ቀይ ካፖርት የለበሰችው ጎረቤት» እየተባሉ ያለፉ ናቸው። ይህን ቁጥር ለቀብሯ ቀን ያጠናቀረችው ጓደኛዋ ቼሎ ባራጋን ናት። ኔታ ራሷ ቆጥራ አታውቅም። «መቁጠር የጀመረ ሰው ማለቁን አውቋል ማለት ነው» ትል ነበር።

ቼሎ የጽሑፍ ተቆጣጣሪ ናት። ካሜራው ሲሠራ ከዳይሬክተሩ ጎን በትንሽ ወንበር ተቀምጣ፣ ተዋንያኑ ከተጻፈው የትኛውን እንዳሉና የትኛውን እንደዘለሉ፣ ሲኒው በየትኛው እጅ እንደተያዘ፣ በየትኛው ቃል ላይ ከጠረጴዛው እንደተነሳ ትመዘግባለች። አንዱ ትዕይንት አምስትና ስድስት ጊዜ ይቀረጻል፤ ኋላ ተቆራርጦ ሲገጣጠም እጅ ከእጅ፣ ሲኒ ከሲኒ መግጠም አለበት። ሥራ ሲያበቃ ገጾቿ ቀረጻውን ወደሚገጣጥመው ኤዲተርና ወደ አዘጋጆቹ ይሄዳሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ፊት ያያል፤ እጅ የምታየው እሷ ብቻ ናት።

ኔታ የተወለደችው በሰሜን ዳኮታ፣ ከእህል ጎተራው በላይ ከፍ ያለ ነገር በሌለባት ከተማ ነው። አባቷ የጎተራው ሚዛን ሠራተኛ ነበር። በሃያ አራት ዓመቷ በአውቶቡስ ሎስ አንጀለስ ስትገባ ስሟ ሩት ሃልቨርሰን ነበር። የተዋንያኑ ማኅበር ግን ሁለት ሰው በአንድ ስም አይመዘግብም፤ ሌላ ሩት ሃልቨርሰን ደግሞ ቀድማ ተመዝግባለች። ይቺኛዋም በመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ቆማ ቶሎ የመጣላትን የአክስቷን ስም፣ ኔታን፣ ሰጠች። ያቺኛዋ ሩት አንድ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሠርታ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ዳግመኛም አልታየች።

«ስሜን ይዛብኝ ጠፋች» ትላለች ኔታ ወሬው በተነሳ ቁጥር። «ምናለ ብትሠራበት እንኳ!»

ሁለቱ ሴቶች የተገናኙት በአንድ የሆስፒታል ድራማ ላይ ነው። ቼሎ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ሲሆን በሥራው ላይ የመጀመሪያ ሳምንቷ ነበር። ከምሳ መልስ ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ፣ «ነርሷ ትሪውን በየትኛው እጇ ነበር የያዘችው?» አላት። ቼሎ ገጿን አየች። አልጻፈችውም። አርባ ሰው ይጠብቃታል።

«በግራዬ» አለች ከአልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ። «ዶክተሩ ‹ትኩሳት› ሲል ወደ ቀኜ አዛወርኩት። ልጅቷ ነግራችኋለች እኮ፤ ድምጿ ነው ያነሰው።»

በኋላ ቼሎ ልታመሰግናት ብትሄድ፣ ኔታ የዱባ ዘር እየፈለፈለች በባለ ጎማ አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ምስጋናውን ተዪውና ጻፊ» አለቻት። «ሁለተኛዋን ነርስ የሚያስታውስ ያንቺ እርሳስ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ አራት ዓመት አልተለያዩም። ቼሎ ሁለት ጊዜ ስታገባና ስትፈታ ኔታ ነበረች። የኔታ ባል ሃርላን፣ የመብራት ሠራተኛው፣ ሲሞት ቼሎ ነበረች። («ለሦስት መቶ ቆንጆ ሲያበራ ኖሮ የቤቱን አምፖል መቀየር አቃተው» ብላ ነበር ኔታ በቀብሩ ላይ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።) በዚህ ሁሉ ዘመን ኔታ በካሜራ ፊት አንድም ቀን ቃል ጠይቃ አታውቅም። ተዋናይ ንግግሩ ሲጠፋበት «ቃል!» ይላል፤ ጽሑፍ ተቆጣጣሪዋም የሚቀጥለውን ታነብለታለች። ነውር አይደለም፤ ትልልቆቹም ይጠይቃሉ። ኔታ ግን አልጠየቀችም። እጇም ከአፏ አያንስም ነበር፦ በመጀመሪያው ቀረጻ «ጤና ይስጥልኝ» ስትል ሲኒውን ካነሳች፣ በዘጠነኛውም እዚያው ቃል ላይ ታነሳዋለች። በቼሎ ገጽ ላይ በኔታ ስም ትይዩ የሚጻፈው አንድ ቃል ነበር፦ ገጥሟል።

ትልቁ ሥራ በሰባ አራት ዓመቷ መጣ። በርባንክ ውስጥ በሚቀረጽ ተከታታይ ድራማ ላይ አልማ የምትባል የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሆና ለሁለት ክፍል ገባች፤ ተመልካች ወደዳትና ሁለት ዓመት ቆየች። በሁለተኛው ዓመት የድራማው ዋና ጸሐፊና አዘጋጅ ማርሻ ቤኔዲክ ለአልማ አንድ ንግግር ጻፈችላት። አልማ ለልጇ የአባቱን አሟሟት፣ ሃያ ዓመት የደበቀችውን፣ ቁጭ ብላ ትነግረዋለች። ስድስት ገጽ ነው።

ገጾቹ የደረሷት ቀን ኔታ ቫን ናይስ ካለው ቤቷ ደወለች። «ስድስት ገጽ፣ ቼሎ! የሞቴሉ ባለቤት፣ ነርሶቹ፣ ያቺ ቀይ ካፖርት፣ ሁሉም ተጨምቀው ስድስት ገጽ ይወጣቸዋል?»

«አራት ይወጣቸዋል።»

«ሦስት። አታሞካሺኝ።» ቀጥላም፣ «ይቺን ብቻ ልበላት። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ይቅበሩኝ» አለች።

ቀረጻው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነበር።

መጀመሪያ የተሳሳተው እጇ ነው። ቀላል ትዕይንት ነበር፦ አልማ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ መነጽሯን ታወልቃለች። በመጀመሪያው ቀረጻ «ደህና ዋልክ» ስትል አወለቀች፤ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን ከጨረሰች በኋላ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ረሳችው። ንግግሩ ሙሉ ነበርና ማንም ልብ አላለም። ቼሎ እርሳሷን ይዛ ገጹን ስታይ ቆየች። ከዚያ «ገጥሟል» ብላ ጻፈች።

በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያው ውሸቷ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቃላቱም መሸሽ ጀመሩ። ኔታ አልተደናገጠችም፤ የጠፋውን ዘልላ ትሄዳለች፣ ወይ ሌላ ታስገባለች። ቼሎም የዘለለችውን አትጽፍም። ቅዳሜና እሑድ ከኔታ ቤት ደጃፍ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስድስቱን ገጽ ያነባሉ። ኔታ ሁለተኛው ገጽ ላይ ትደርስና ትቆማለች። እንደገና ከመጀመሪያው። እንደገና ሁለተኛው ገጽ።

ቼሎ በጆሮ የምትገባ ትንሽ ድምጽ ማጉያ አመጣችላት፤ ከሩቅ ሆኖ ሌላ ሰው ያነብላታል። ሞከሩት። ቼሎ ከኩሽና ውስጥ «አባትህ በዚያ ቀን አልሰከረም ነበር» ብላ አነበበች። ኔታ ደጃፉ ላይ ሆና «እሺ፣ ሰማሁ» ብላ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ፤ ቼሎ ግን ኩሽናው ውስጥ እጇን መታጠቢያው ላይ ደግፋ ነው የሳቀችው። እንደገና አነበበች። «ሰማሁ አልኩሽ እኮ!» አለች ኔታ፣ በዚህኛው ሳትስቅ።

ዶክተሩ በሽታውን በስሙ ጠራው፤ መድኃኒት ብሎ የሰጣት ግን ቢያዘገየው ነው እንጂ እንደማይመልሰው ነገራት። ኔታ ቼሎን አስማለቻት፤ ለማንም እንዳትነግሪ። ቼሎም ማለች። ሌላ ምን ታድርግ? ቃል ከአፏ እያለቀባት ላለች ሴት ቃል መከልከል አልቻለችም።

ኤዲተሩ ናካታኒ ደወለ። የሃያ ዓመት ባልደረባዋ ነው፤ ድምጹን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው።

«ቼሎ፣ ክፍል ሰባት፣ መድኃኒት ቤቱ። አንደኛው ላይ መነጽሩ ደረቷ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ላይ አፍንጫዋ ላይ። አንቺ ገጥሟል ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ክፍል ስምንት ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የለም። ገጽሽ ላይ አለ።»

«ይሆናል።»

«ደህና ነሽ ወይ፣ እህቴ? ዓይንሽን ታይተሻል?»

«አርጅቻለሁ፣ ናካታኒ።»

«አንቺ አታረጂም፣ ትደርቂያለሽ እንጂ» አለ፤ ቀልዱ ግን ሩቅ አልሄደለትም። «ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ማርሻ ጠይቃኛለች። በቦታሽ ሌላ ሰው ልናመጣ ነው ትላለች፣ ለጊዜው።»

ቼሎ ይህን ለኔታ አልነገረቻትም። ነገር ግን የመኳኳያው ክፍል ሰው የሚያወራበት ቦታ ነውና ኔታ ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ሳለ ሰማችው። በዚያ ቅዳሜ ቼሎ ደረጃው ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ ኔታ ጽሑፉን ከእጇ ቀማቻት።

«እኔን ሸፍነሽ አንቺ ልትባረሪ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«የቅንድብ ቀለሟ ልጅ። ስሟ ጠፋኝ፤ ወሬው አልጠፋኝም። ቼሎ፣ ‹ገጥሟል› ብለሽ ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ሳይገጥም?»

«ሳይገጥም።»

ኔታ ጽሑፉን አጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። «በሕይወቴ ያለኝ አንድ ንብረት እኮ ያንቺ ‹ገጥሟል› ነው» አለች። «ሽልማት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ስሜ እንኳ የአክስቴ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ እውነተኛ ሰው ‹ገጥሟል› ብሎ ጽፎልኛል፤ እሱን ይዤ ነበር የተኛሁት። አሁን የትኛው እውነት፣ የትኛው ምጽዋት እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ንግግርሽን እስክትይ ብዬ ነው። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ብጽፈው ይወስዱብሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ይወስዱብሻል እኮ ነው የምልሽ፣ ኔታ!»

«ደንቆሮ አደረግሽኝ? መርሳት ነው የያዘኝ። ጻፊው።»

ቼሎ ሰኞ ዕለት ጻፈችው። ኋላ ተመልሳም የክፍል ሰባትንና የክፍል ስምንትን ገጾች አንድ በአንድ አረመች፤ የጎደለውን ጎደለ፣ ያልገጠመውን አልገጠመም አለች። ሥራ ሲያበቃ ገጾቹ እንደተለመደው ሄዱ፤ ቼሎን የመተካቱ ነገርም በዚያው ቀረ። ማርሻ ሐሙስ ዕለት ኔታን ቢሮዋ ጠርታ፣ በሩን ዘግታ፣ ከእሷ ጋር አለቀሰች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ቢያንስ የሚጠላ ሰው ይገኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አዲስ ገጾች ወጡ። የተለወጠ ጽሑፍ በሌላ ቀለም ወረቀት ነው የሚታደለው፤ እነዚህ ሐምራዊ ነበሩ። በነጩ ላይ አልማ ስድስት ገጽ ትናገር ነበር። በሐምራዊው ላይ አልማ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ አንደበቷ ተዘግቷል፤ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰናበታታል። ለአልማ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ዓይኗ ተከፍቷል።»

ኔታ አንብባ ወረቀቱን አጠፈችው። «ጎበዝ ጸሐፊ ናት» አለች። «ንግግሬን መቁረጥ ስላሳዘናት ምላሴን ቆረጠችው።»

የቀረጻው ቀን ማክሰኞ ሆነ። ከበረሃው የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ውጭ የቆሙትን መኪኖች በአቧራ ሸፍኗል፤ የስቱዲዮው በር በተከፈተ ቁጥር የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ከምግብ መኪናው ይገባል። ልጇን የሚጫወተው ዴክላን ገና በሠላሳዎቹ ያለ፣ ትጉህ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ኔታን ሳማት።

«እማማ፣ ዛሬ አደራሽን ተኚልኝ፤ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ ብቻ።»

«አንተ ካሰለቸኸኝ አንኮራፋለሁ» አለችው።

ከመጀመሩ በፊት ቼሎን ጠራቻት። «ወደ ካሜራው ያለው የትኛው እጄ ነው?»

«ግራሽ።»

«ጥሩ» አለችና ግራ እጇን ከአንሶላው በላይ አወጣችው። ምን እንዳሰበች አልተናገረችም።

አክሽን ተባለ። ዴክላን መናገር ጀመረ። በንግግሩ መሃል «መድኃኒት ቤቱን ዘግቼዋለሁ፣ እማዬ» የሚል አለ። እሱን ሲል የኔታ ግራ አመልካች ጣት ከአንሶላው ላይ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ትንሽ ቆየች፤ ተመለሰች። ጽሑፉ ላይ የለም። ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ይሄን ማን ነገራት?» ብሎ አንሾካሾከ። ቼሎ ጻፈች፦ አንደኛ ቀረጻ፣ «ዘግቼዋለሁ» ሲል ግራ አመልካች ጣት ተነሳ።

በሁለተኛው ቀረጻ እዚያው ቃል ላይ ተነሳች። ገጥሟል። በሦስተኛው፣ እዚያው። ገጥሟል። እውነት ነበር፤ የጻፈችው እውነት ነበር።

ዳይሬክተሩ አንድ ጊዜ ይደገም አለ። በአራተኛው ቼሎ ሌላውን ሁሉ ትታ ያቺን ጣት ብቻ ስታይ ቀረች። ተነሺ፣ ተነሺልኝ፣ እያለች በሆዷ። ዴክላን በዚህኛው የምር አለቀሰ፤ ድምጹ ተሰበረ፤ የካሜራው ሰው እንኳ ዓይኑን ጠረገ። ጣቷ አልተነሳችም።

«ከት! ይሄ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ። «ይሄን ነው የምንወስደው!»

ቼሎ ጻፈች፦ አራተኛ ቀረጻ፣ ጣት አልተነሳም። አልገጠመም። በነዚያ ሳምንታት ሁሉ ያን ቃል የመጻፍ ያህል የከበዳት ነገር አልነበረም።

ተዋናይ በአንድ ሥራ ውስጥ የመጨረሻ ትዕይንቱን ሲጨርስ ረዳት ዳይሬክተሩ ጮክ ብሎ ያስታውቃል፤ በስቱዲዮው ያለ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ለሁለተኛዋ ነርስ ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም። አሁን ረዳት ዳይሬክተሩ ዱዌይን መሃል ገብቶ፣ «ወገኖች! ይህ የኔታ ሃልቨርሰን የመጨረሻዋ ቀረጻ ነበር!» አለ። ሰባ ሰው አጨበጨበ። አበባ መጣ። ኔታ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ፣ ለሁሉም እጅ ነሳች።

ጭብጨባው ሲበርድ ቼሎን በዓይኗ ፈልጋ አገኘቻት። «ገጠምኩ?»

ቼሎ ማለፍ ፈለገች። ግን ደረጃው ላይ የተባለውን አልረሳችም። «ሦስቱ ገጥመዋል» አለች። «በአራተኛው ጣትሽ አልተነሳም።»

«አላለውማ!» አለች ኔታ በቁጣ። «በምን ላንሳ? መድኃኒት ቤቱን አልዘጋም እኮ! ያለቅሳል፣ ይነፍጣል፣ ዘልሎት ሄደ።»

ቼሎ ወደ ድምጽ ቀራጩ ሄዳ አራተኛውን አሰማኝ አለች። ማዳመጫውን አጥልቃ ሰማች። ዴክላን ለቅሶው ሲያንቀው ያችን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ዘልሏል። ሰባ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ያን የሰማ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ሥራዋ ማዳመጥ የነበረው ቼሎ እንኳ አልሰማችም።

ወደ ወንበሯ ተመልሳ የጻፈችውን ሰረዘች፤ ከሥሩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ አራተኛ ቀረጻ፣ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ዘልሏል። የኔታ ሃልቨርሰን ጣት ትክክል ነው። ስህተቱ የተቆጣጣሪዋ ነው። ይህ ገጽ ሥራ ሲያበቃ እንደተለመደው ሄደ። ስለ እሱ የደወለ ሰው የለም።

ቼሎ ልትነግራት ወደ ልብስ መቀየሪያው ተጎታች ቤት ስትሮጥ፣ ኔታ የአልማን ሹራብ ሳታወልቅ መስታወቱ ፊት ተቀምጣለች። አበባው ጭኗ ላይ ነው።

«ልክ ነሽ» አለች ቼሎ እያለከለከች። «አላለውም። ገጥመሻል፣ አራቱንም።»

«አውቃለሁ» አለች ኔታ። ከዚያ ሰዓቷን አየች። «ከምሳ በኋላ የእኔ ንግግር ነው አይደል? ስድስቱ ገጽ። ነይ፣ አንዴ እናንብበው።»

ቼሎ በሩን ይዛ ቆመች። ከውጭ የሰዎች ሳቅ፣ የጋሪ ጎማ ድምጽ ይሰማል፤ የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ ማፍረስ ጀምረዋል።

ከቦርሳዋ ሥር ነጮቹን ገጾች አወጣች። ከኔታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ኔታ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ገጽ አንድ ቃል ሳትስት ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቼሎ ጠበቀች፤ ያልተጠየቁትን ቃል መስጠት ነውር ነው።

«ቃል» አለች ኔታ።

ቼሎ አነበበችላት። ኔታ ደግማ አለችው፤ ቀጠለች፤ ቆመች። «ቃል።» በሦስተኛው ገጽ ላይ በየመስመሩ ነበር። በአምስተኛው ላይ መጠየቋንም ተወች፤ ቼሎ ታነባለች፣ እሷ ትከተላለች፣ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ እስከ መጨረሻው መስመር።

ኔታ ስድስቱን ገጽ ለመጨረስ አርባ ሦስት ጊዜ «ቃል» ብላለች። ቼሎ ቆጥራዋለች፤ የትም አልጻፈችውም።